‹አዘዞ› የተባለው ግንባር

ትምህርት ቤት ‹አዘዞ› ይሉት ነበር። ጎንደርን ለማያውቅ ልንገረው፤ አዘዞ ኤርፖርታችን ያለበት ሰፈር ነው። ግንባሩ አውሮፕላን ያሳርፋል ለማለት ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ የወጣለት ስም ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከተለው። ዛሬ ባንክ ውስጥ ይሠራል፣ ከረባት ያስራል። ፒያሳ ላይ ግን «አዘዞ!» ብሎ የሚጣራ አሁንም አይጠፋም።

እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት ያላት ጠባብ ቤት አለችኝ። ይህን ልጅ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የማስተካክለው እኔ ነኝ። ‹ልጅ› የምለው በልማድ ነው እንጂ ነገሩ ሲጀምር 29 ሞልቶት ነበር። «ጻፈው ጋሼ፣ ስሜን ብቻ ተወው» ስላለኝ እዚህ በትምህርት ቤት ስሙ እጠራዋለሁ። እሱም ለምዶታል።

ግንቦት 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ። ሰው እስኪያልቅ ውጭ ጠብቆ ገባ። እንዲህ አያደርግም ነበር፤ ወረፋ ላይ ተቀምጦ ስለ ኳስ መከራከር ነው የሚወደው። ጨርቁን አንገቱ ላይ ሳስርለት ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ ቱርክ ልሄድ ነው።»

«ለሥራ?»

«ለፀጉር።»

ሳቅሁ። ባልስቅ ጥሩ ነበር። ጆሮው ሲቀላ በመስታወት አየሁት።

ስልኩ ላይ የኢስታንቡል ክሊኒኮች የሚለጥፏቸው ፎቶዎች ተደርድረዋል። ግራ በኩል መላጣ፣ ቀኝ በኩል ጎፈሬ። ከዚያ የጓደኛውን የሠርግ ፎቶ አሳየኝ። ስድስት ሚዜ ቆሟል። አምስቱ ካሜራውን ያያሉ፤ እሱ ብቻ አገጩን ሽቅብ አንጋጧል።

ይህን አገጭ አውቀዋለሁ። ሰው ኩሩ ይለዋል። መሥሪያ ቤቱም «ደንበኛን ቁልቁል ያያል» ተብሎ ተነግሮበት ያውቃል። እውነቱ ሌላ ነው። አገጭ ቀና ሲል ግንባር አጥሮ ይታያል፤ አንገት ሲደፋ ይረዝማል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርገው ኖሮ አንገቱ ቀርቷል። 17 ዓመት ሙሉ ማጅራቱን ልላጭ ራሱን ዝቅ ሳደርገው እምቢ የሚለኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ማታ ነው። እኔ ግትር ነው እያልኩ እገፋው ነበር።

ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

መጀመሪያ ያደረግነው መለካት ነው። ከጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስኩ። ከሁለቱ ቅንድቦች መሀል ተነስቼ ፀጉሩ እስከሚጀምርበት 8 ነጥብ 3 ሴንቲ ሜትር ወጣ። የብዙ ወንድ ግንባር ከ6 እስከ 7 ነው፤ 8ም ብርቅ አይደለም። የእሱ ችግር ማዕዘኖቹ ናቸው። ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ ስለገቡ ከፊት ሲያዩት ይበልጥ የተገለጠ ይመስላል።

የግንባሩን ፎቶዎች ለአንድ ደላላ ልኳል። ያኔ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ዝግ ስለነበር በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ነው የላካቸው። መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። ሦስተኛ ደረጃ መመለጥ፣ ከራስ ኋላ ተነቅሎ ከፊት የሚተከል 3,500 የፀጉር ሥር፣ የአንድ ቀን ሥራ፣ ሆቴልና መኪና ጨምሮ 2,500 ዶላር።

«ዕድሜህን ጠየቁህ?» አልኩት።

«አልጠየቁም።»

«ከመቼ ጀምሮ እንደሆነስ?»

«ፎቶው በቂ ነው አሉኝ።»

እዚህ ጋ ቆም ልበል፤ ጉዳዩ ሁሉ የተጠመጠመው በዚህች ‹ሦስተኛ ደረጃ› ላይ ነው። የወንድ መመለጥ የሚለካበት ሠንጠረዥ አለ። ሃሚልተን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ጀመረው፤ በ1975 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖርውድ የሚባል ሐኪም አሻሻለው። እስከ ዛሬ በኖርውድ ስም ይጠራል። 7 ደረጃ አለው። ሠንጠረዡ የሚለካው ግን የሸሸ ፀጉርን ነው። ከየት ተነስቶ የት ደረሰ ነው ጥያቄው። አንድ ፎቶ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚነግርህ። ከየት እንደተነሳ አይነግርህም። ሲወለድ ጀምሮ ፀጉሩ ከላይ የበቀለ ሰው ፎቶ ላይ ልክ እንደተመለጠ ሰው ነው የሚታየው።

አዘዞ የመጣው ከየት ነው? ይህን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ምስክሩ ደግሞ ኢስታንቡል ሳይሆን ማራኪ ሰፈር፣ እናቱ ቤት፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር።

እሑድ ቡና ጠጡ ተባልኩ። እትዬ ፎቶዎቹን ጉልበታቸው ላይ ዘረገፉ። አንዱ ፋሲል ግንብ በር ላይ የተነሳው ነው፤ አራት ዓመቱ፣ ባለ መስመር ሹራብ፣ ፊቱ ሁሉ ግንባር። «ይኸው! ያኔም እንዲሁ ነው!» ብሎ ዘለለ። እሱን ፎቶ አስቀመጥኩት። ሕፃን ሁሉ ግንባራም ነው፤ ፊቱ ገና አላደገማ። የሚጠቅመን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶ፣ ከዚያ የአሥረኛው፣ ከዚያ የምረቃው ነው።

ፎቶ ላይ በሴንቲ ሜትር መለካት አይቻልም፤ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ነው። ስለዚህ የክብሪት እንጨት ወሰድኩ። ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ ያለውን እንጨቱ ላይ በጥፍሬ ምልክት አደረግሁ። ያንን ወደ ላይ አዙሬ ከቅንድብ እስከ ፀጉር ያለው ምን ያህል እንደሚበልጠው አየሁ። የምረቃው ላይ ግንባሩ አፍንጫውን በሩብ ያህል ይበልጣል። የአሥረኛው ላይም በሩብ። መስታወት ፊት አቁሜ ስለካውም ያው ሩብ ነው። የስምንተኛው ትንሽ ያንሳል፤ ያ ያለ ነው። የወንድ ልጅ የግንባር ፀጉር ከጉርምስና ጀምሮ እስከ ሃያዎቹ ባለው ጊዜ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ጎረመሰ ማለት ነው እንጂ ተመለጠ ማለት አይደለም።

እትዬ ሲኒ እያቀበሉኝ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። ያው ግንባር! ያው ሁለት ማዕዘን!

«የአባቴ ነው» አሉ። «እሱም ይህን ግንባር ይዞ ሰማንያ ዓመቱን ኖረ፤ አንድ ፀጉር አልወደቀበትም። በእኛ ዘንድ ግንባር ዕድል ነው፤ ይሄ ልጅ ዕድሉን ሊሸጥ ነው እንዴ?»

«እማ፣ አልሸጠውም፤ ላሳጥረው ነው።»

«ዕድል ያጥራል?»

አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰማሉ። ስድሳ አልፏቸዋል። ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ ግን ጢቅ ያለ ነው። መላጣ የሚወረሰው በእናት በኩል ብቻ ነው የሚባለውን እኔም ሳምን ነው የኖርኩት፤ ልክ አይደለም። የእናት ድርሻ ይበረታል፣ የአባትም አለበት። በዚህ ቤት ግን በሁለቱም ወገን መላጣ አላገኘሁም።

ወረፋ ጠባቂዎቼ ነገሩን ሰምተው ሙድ መያዝ ጀመሩ። ፀጉር ቤት ምስጢር አይቀመጥም። አንድ የታሪክ መምህር ደንበኛዬ ፒያሳ ላይ የቆመውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሐውልት እየጠቆመ «የንጉሡ ቁንዳላ ከመቅደላ እንግሊዝ ሄዶ ለመመለስ ከ150 ዓመት በላይ ፈጀ፤ አንተ በሳምንት ልትመለስ ነው?» አለው። ቀልዱ እውነት አለው። የንጉሡ ፀጉር ከለንደን የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። አዘዞም ሳቀ። አገጩ ግን አልወረደም።

እንግዲህ ብር። ባጠራቀመው 180 ሺህ ብር ሊሄድ ነበር። በሰኔ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዶላር 57 ብር፣ 2,500 ዶላር ደግሞ 142,500 ብር። ቲኬቱን በቀረውና በብድር ያሟላዋል። ሐምሌ 22 ቀን ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የምንዛሪው ተመን ተለቋል። ጥቅምት ላይ ዶላር 110 ብር አልፎ ነበር። ያው 2,500 ዶላር ከ275 ሺህ ብር በላይ ሆነ። «ከመላው ባንክ ያን ቀን በግንባሩ የተመታሁ እኔ ብቻ ነኝ» ይላል እስከ አሁን።

እኔ ግን ያ ሰኞ ጊዜ ሰጠው እላለሁ። ባይሆን ኖሮ ነሐሴ ላይ ይሄድ ነበር።

ከዚያ በፊት ሌላም ሞክሯል። ሳይነግረኝ ከፋርማሲ ሚኖክሲዲል ገዝቶ ለአራት ወር ማዕዘኖቹን ቀብቷል። ያተረፈው ማሳከክ ነው። ይህ መድኃኒት ታሪኩ ደስ ይላል። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና በ1988 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ለፀጉር ተፈቀደ። የሚረዳው ግን ሥሩ እያለ ፀጉሩ ሲሳሳ ነው። ሥር ሳይኖር የኖረ ቆዳ ላይ ቢቀቡት ቆዳን ከማርጠብ አያልፍም።

መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ እዚሁ ከተማ ወደ አንድ የቆዳ ሐኪም ሄደ። ይዤህ ልሂድ አልኩት፤ እሺ አለኝ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያለው «ቅንድብህን አንሳ» ነው። አነሳ። ግንባሩ ተጨማደደ። ከሁሉም ላይ ያለችውን መስመር በጣቱ ነካ። የልጅ ፀጉር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚች መስመር ላይ ነው፤ ጎልማሳ ሲሆን አንድ ሴንቲ ወይ አንድ ተኩል ከፍ ይላል። የአዘዞ ግን ከመስመሯ ሦስት ጣት ይርቃል።

ከዚያ መብራት ያለው ማጉያ መነጽር አምጥቶ የግንባሩን ጠርዝ ፀጉር በፀጉር አየ። የሚፈልገውን ነገረን። መመለጥ የጀመረ ሰው ፀጉሩ ድንገት አይወድቅም፤ መጀመሪያ ይቀጥናል። አንዱ ወፍራም፣ ጎረቤቱ ቀጭን፣ ሌላው የሕፃን ላባ የመሰለ ይሆናል። የአዘዞ ጠርዝ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ውፍረት ነው።

«ፀጉርህ አልሸሸም» አለው። «ሲጀመርም የበቀለው እዚህ ነው።»

ልጁ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን ወደቀ። በኋላ ስጠይቀው «በሽታ ቢሆን መድኃኒት አለው፤ ይሄ እኮ እኔው ነኝ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ሐኪሙ የነገረን ደግሞ ያልጠበቅነው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ለንቅለ ተከላ ከሚመለጥ ሰው ይሻላል አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚመለጥ ሰው ከፊት ቢተከልለት ከኋላው ያለው መሸሹን ይቀጥላል፤ የተተከለው እንደ ደሴት መሀል ሜዳ ላይ ይቀራል። የአዘዞ ፀጉር የቆመ ነው። የተተከለውም ይቆማል፤ በ1959 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦረንትራይክ የሚባል የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም ያስረዳው ይህንን ነው። ፀጉር የትም ብታዛውረው የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይኖራል። የማጅራት ፀጉር ግንባር ላይም የማጅራት ፀጉር ነው፤ በቀላሉ አይረግፍም።

እና ሂድ አለው? አላለውም። «ዞር በል» አለው።

የአዘዞን ማጅራት ከሱም ከእናቱም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እሱ አይቶት አያውቅም። ፀጉሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ጠንካራ ጉብታዎች አሉ፤ ሰባት ወይ ስምንት። ምላጭ ሲነካቸው ይደማሉ። እኔ አልኮል እየነካሁ አልፋቸው ነበር። ከርዳዳ ፀጉር ባለን ወንዶች ላይ የሚበዛ ነገር ነው። ጠጋ ተደርጎ ሲላጭ የፀጉሩ ጫፍ ጥቅልል ብሎ መልሶ ቆዳ ይወጋል፤ ቆዳው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ብሎም እንደ ጠባሳ ይጠነክራል።

ሐኪሙ በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ከዚያ ሸሚዝህን አውልቅ አለው። ክንዱ ላይ የሕፃንነት ክትባቱ ጠባሳ ባቄላ አህሎ አብጧል። «ንቅለ ተከላው የሚወሰደው ከዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ግን ቆዳህ ሲቆስል እንዴት እንደሚድን እዚሁ ጽፎልናል» አለ።

አሠራሩን እንደነገረን ልንገራችሁ። የራስ ኋላ ይላጫል፣ በመርፌ ይደነዝዛል። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ አፍ ባላት ክብ ስለት ሥሮቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። አንዱ ሥር ከአንድ እስከ አራት ፀጉር ይይዛል። ከዚያ ግንባር ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ተከፍቶ ይተከላል፤ ከፊት ባለ አንድ ፀጉሩ፣ ወደ ኋላ ባለ ሁለትና ሦስቱ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ቀጥ ያለ ፀጉር ላለው ሰው ስለቷ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። የእኛ ፀጉር ግን ከቆዳ በላይ ብቻ ሳይሆን ከቆዳ በታችም የታጠፈ ነው። ያላወቀበት ሰው ቀጥ አድርጎ ሲቆርጥ ሥሩን መሀሉ ላይ ይበጥሰዋል። የተበጠሰ ሥር ደግሞ ኋላም የለም፣ ፊትም የለም። ጥቅሙም አለው፤ ከርዳዳ ፀጉር ጥቂቱ ብዙ ቦታ ይሸፍናል።

ሒሳቡንም ወረቀት ላይ ሠራልን። ማዕዘኖቹን ለመሙላትና መስመሩን በአንድ ሴንቲ ለማውረድ የሚያስፈልገው ቦታ 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲ 40 ሥር ቢተከል 1,200 ይሆናል። 3,500 ከየት መጣ? የነቀሉት ሥር በነቀሉበት አይበቅልም። የራስ ኋላ ተቀማጭ ሒሳብ ነው፤ ገቢ የለውም፣ ወጪ ብቻ። የባንክ ሠራተኛ ይህን ለመረዳት ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

ሌላም ብዙ ነገር ጠይቀነዋል፤ አጭር አጭሩን ላስቀምጥ። የተተከለው ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተመልሶ ይረግፋል፤ ሥሩ ይቀራል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይበቅላል፣ ሙሉው የሚታየው ዓመት ሲሞላ ነው። በሦስተኛው ቀን ግንባር አብጦ ዓይን ድረስ ሊወርድ ይችላል። የግንባርን ቆዳ ቆርጦ የራስ ቆዳን ወደ ፊት ስቦ መስፋትም አለ፤ ጠባሳው ፀጉሩ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ቆዳው እንደ አዘዞ ለሚያብጥ ሰው አይታሰብም።

የሴቶች ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ጎረቤቴ ሹሩባ ትሠራለች። አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ ዓመት ካመት የጆሮ ግንዱን ፀጉር እየጎተተ ይገፋዋል። ከሩቅ የአዘዞን ማዕዘን ይመስላል፤ ግን የተጎተተ ነው። ቶሎ ከላላ ይመለሳል፣ ከዘገየ ሥሩ ይሞታል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። እዚያው ሐኪሙ ፊት ነው የተጋለጥኩት።

ማጉያውን እያነሳ «ይህን መስመር ማነው የሚያስተካክልልህ?» አለ። አዘዞ ወደ እኔ አየ። ‹ላይን› ነው። ወጣት ሁሉ ላይን ካልወጣለት ፀጉሩ የተቆረጠ አይመስለውም። ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት ከፊት የሚወጣውን ለስላሳ ፀጉር በምላጭ እወስዳለሁ። ግራው ከቀኙ ካልገጠመ ግራውን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ቀኙ ዝቅ ብሎ ይታየኛል፤ እሱንም ከፍ። በየሁለት ሳምንቱ፣ ለዓመታት። ግንባሩ ያስጨነቀውን ልጅ ግንባር በገዛ እጄ ሳሰፋ ነበር! አስከፍዬ!

መላጨት ሥር አይገድልም፤ ይህን ሐኪሙም አለ። ስለዚህ ተውነው። ምላጭ ግንባሩንም ማጅራቱንም እንዳይነካ። ማሽኑም ያለ ማበጠሪያው እንዳይሄድ። ጉብታዎቹ ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት ታዘዘለት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አስቀያሚ ነበር፤ ከፊት እንደ በቆሎ ጸጉር የበተነ ነገር ወጣ። በአሥረኛው ሳምንት ሜትሩን ተዋስኩ። 7 ነጥብ 8። ግማሽ ሴንቲ! ማዕዘኖቹ ግን ባሉበት ናቸው፤ እዚያ ምላጬም አልደረሰ።

የጥምቀት ዋዜማ ማታ ሌላ ነገር አሰብኩ። ሰው ቤት ከመግዛቱ በፊት ገብቶ ያየዋል። የእህቱን የቅንድብ እርሳስ ይዞ መጣ። ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁ። መጀመሪያ ክሊኒኩ የሳለለትን ቀጥ ያለ መስመር ሣልኩ፤ ጫማ ሣጥን ላይ ክዳን የደፋሁ መሰለኝ። እሱም ሳቀ። በሶፍት ጠርጌ ከቅንድቡ 7 ሴንቲ ላይ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው መስመር አልሣልኩም፤ ጭረት ብቻ። አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር፣ ማዕዘኖቹን ሙሉ በሙሉ ሳልዘጋ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ ዝም ብሎ መስታወቱን አየ። ቀስ ብሎ አገጩን አወረደ።

«ይሄን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። ጠዋት እህቱ አድሳለት ፋሲለደስ መዋኛ ወረደ።

አራት ሰዓት ያህል ሰው መሀል ቆመ። የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች አገኘ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን አገኘ። አንድም ሰው ምንም አላለውም። «አዘዞ!» ያሉት እንኳ ያው «አዘዞ!» ነው ያሉት። ከዚያ ጸበሉ ተረጨ። ሕዝቡ ሲገፋፋ በላስቲክ ቱቦ የሚረጨው ሙሉ ፊቱ ላይ አረፈ። ግንባሩ ቅንድቡ ላይ ወረደ፤ ከቅንድቡ ጉንጩ ላይ፤ ከጉንጩ ነጭ ሸሚዙ ላይ። እትዬ «ምን ነክቶህ ነው ልጄ!» ብለው በነጠላቸው ጠረጉት። ሲገባቸው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ።

ማታ ሱቅ መጣ። ማንም አላየልኝም አለ። ይህን ሲል ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም።

«እኔ ግን አየሁት ጋሼ። አራት ሰዓት ሙሉ አንገቴ አላመመኝም።»

ለዚህ ምን ይባላል? ሰው አላየውም ማለት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እኔም ተወው አላልኩትም። ከሐኪሙ ጋር የተስማሙበት እንዲህ ነው። ጉብታዎቹ ከጠፉ በኋላ አንድ ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ከጆሮው ኋላ ጥቂት ሥር ብቻ ለሙከራ ይነቀላል፤ ለወራት ታይቶ ቆዳው ካላበጠ፣ ያኔ አንድ ሴንቲ፣ ከ1,200 ሥር ሳያልፍ፣ ከርዳዳ ፀጉር ሲሠራ በኖረ ሰው እጅ። ካበጠ ደግሞ እዚያው ይቆማል። ደላላው በዚያ መሀል ሦስት ጊዜ ቅናሽ ልኮለታል።

180 ሺህው ባንክ ነው። ጉብታዎቹ ሁለት ቀርተዋል።

ባለፈው ቅዳሜ መጣ። ጨርቁን አሰርኩለት፤ ማበጠሪያ የገባበት ማሽን በጎንና በኋላ አስኬድኩ፤ ከፊት አልነካሁም። ምላጩ ከመሳቢያው አልወጣም። ሲከፍል ብሩን ያዝ አደረገው።

«ግንባሬን አልላጨህም፣ ማጅራቴን አልላጨህም። ሙሉ ሒሳብ ለምንድነው?»

«የድሮውን ልመልስልህ እንዴ?»

«ስንት ዓመት ነው?»

ስንቆጥር ወረፋ ጠባቂዎቹም ገቡበት። በየሁለት ሳምንቱ፣ 17 ዓመት። የታሪክ መምህሩ ስልኩን አውጥቶ ማባዛት ሲጀምር ግማሽ ክፈልና ውጣልኝ አልኩት።